በአንድ የበጎ አድራጎት ማታ ያየነው የሽማግሌዎች ሙዚቃ

በጎ አድራጎት የተባለ እንደ ሆነ፤ ብዙ ጊዜ በሐሳባችን የሚታየን የተከዘ ፊት፤ የረዘመ ንግግርና የሰጪዎች ስም የተጻፈበት ዝርዝር ነው። ባለፈው ሚያዝያ ወር ባንድ ቅዳሜ ማታ፤ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ወደ ተደረገ የርዳታ መሰብሰቢያ ግብዣ ቤተ ሰባችንን ይዘን ስንሄድ፤ የጠበቅነው ይህንኑ ነበር። ንግግሩ በእርግጥ አልቀረልንም። ነገር ግን ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት ያለፈ ዘጠኝ ሙዚቀኞች በዚያ ማታ ያደረጉትን አይተን ስለ ተደነቅን፤ ለዚህ የቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎች ልንነግር ወደድን።

ግብዣው የተደረገው በአንድ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን የመሰብሰቢያ አዳራሽ ነው። ከአዳራሹ በታች በምድር ቤቱ አንድ ወጥ ቤት አለ። በዚያም የሰፈሩ ሰዎች ያለ ደመወዝ እየተሰበሰቡ ምግብ ያበስላሉ፤ ያበሰሉትንም ብቻቸውን ለሚኖሩና ከቤት ለመውጣት ለማይችሉ አረጋውያን በየቤታቸው ያደርሳሉ። ምግቡን የሚያመላልሰው መኪና አርጅቶ፤ በብርዱ ወራት በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ስለ ቆመ፤ ሌላ ለመግዛት ገንዘብ ማሰባሰብ አስፈለገ። የመግቢያው ዋጋ ለአንድ ሰው 40 ዶላር፤ ለልጅ ግማሽ ነበር።

ትኬቱን የሸጡልን በዚያው ሰፈር የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት ወይዘሮ ናቸው። ሸጡልን ከማለት አስገደዱን ማለት ይሻላል። «ጋሼ፤ ልጅቱንም ይዘዋት ይምጡ። የልቅሶ ቤት አይደለም፤ ሽማግሌ የሚጨፍርበት ነው። የሚጫወቱትም ሰዎች እኮ በሰባ ሰባቱ ረኀብ ለእኛ የዘፈኑልን ናቸው» አሉን።

ወይዘሮዋ ይህን የተናገሩት እንዲያው ለወሬ አልነበረም። በ1977 ዓመተ ምሕረት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ፤ ከአያታቸው ጋራ ከቆቦ ገጠር ተነሥተው በእግር ኮረም የደረሱ፤ በመጠለያውም ስንዴ ከተሰፈረላቸው አንዷ ናቸው። «ስንዴውን በልቼዋለሁ። ዘፈኑን ግን እስከ ዛሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም» ብለው ሣቁ። እኛ ግን ለመሣቅ አልቻልንም።

አዳራሹ ዩ ስትሪት ከሚባለው ጎዳና ብዙ አይርቅም። በዚያ አካባቢ በ1910 (ከዚህ ጀምሮ የምንጽፋቸው ዓመቶች፤ የእኛ ነው ካላልን በቀር፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የተከፈተው ሐዋርድ የተባለው ቴአትር እስካሁን ቆሟል። ታላቁ የጃዝ ሙዚቀኛ ሚስተር ዱክ ኤሊንግተንም በ1899 የተወለዱት በዚችው ከተማ ነው፤ ያደጉትም በዚያው አካባቢ ነው። እኒህ ሰው በ1973 ከነጓዳቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው በተጫወቱ ጊዜ ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ኒሻን መቀበላቸውን፤ ከአንባቢዎቻችን መካከል ከአባቶቻቸው የሰሙ ይኖራሉ። በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ጊዜ ሕዝቡ ተቈጥቶ ሁከት ስለ ተነሣ፤ የጎዳናው ሱቆች ተቃጥለው ሰፈሩ ለብዙ ዘመን ወና ሆኖ ኖረ። የአገራችን ሰዎችም ሌላው ሰው ሸሽቶት በነበረው በዚያ ቦታ ምግብ ቤት ከፈቱ። ስለዚህ ዛሬ በዚያ የምንገኘው ኢትዮጵያውያን የሰፈሩ እንግዶች እንጂ ባለቤቶች እንዳልሆንን ማስታወስ ይገባናል።

ሙዚቀኞቹ በሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ባንድ እየሆኑ ወደ መድረኩ ወጡ። ሁሉም ጥቁር ልብስና ቀይ የአንገት ማሰሪያ አድርገዋል። አንደኛው በከዘራ ተደግፈው ነበር፤ ዘፋኙም ከኪሳቸው መነጽር አውጥተው የዘፈኖቹን ተራ የያዘውን ወረቀት ሲመለከቱ፤ ልጃችን ወደ ጆሯችን ጠጋ ብላ «እነዚህ ናቸው የሚያስጨፍሩት?» አለች። ዝም አሰኘናት፤ ሐሳቧ ግን የእኛም ሐሳብ ነበር። ኋላ እንደ ተረዳነው፤ ጓዱን ያቋቋሙት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳሉ፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እየተጫወቱ ቀን ቀን አንዱ አውቶቡስ ሲነዱ፤ አንዱ በፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ፤ ሌላው ልጆች ሲያስተምሩ ኖረዋል። ሦስቱ ከመሥራቾቹ ናቸው፤ የቀሩት በሞቱት ቦታ የተተኩ ናቸው።

የሚጫወቱት ፋንክ የተባለውን ሙዚቃ ነው። ቃሉ በቀድሞ ትርጓሜው የላብ ሽታ ማለት ነበር፤ ጥቁሮቹ ሙዚቀኞች ግን ወደ ምስጋና ለወጡት፤ ላቡን እስኪያፈስስ የተጫወተ ሰው በዚህ ቃል ይመሰገን ጀመር። የዚህ ሙዚቃ አባት የሚባሉት በ1933 በደቡብ ካሮላይና ተወልደው በ2006 በልደት በዓል ዕለት የሞቱት ሚስተር ጀምስ ብራውን ናቸው። ከእርሳቸው በፊት በነበረው የሕዝብ ዘፈን እጅ የሚጨበጨበው በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ነበር። እርሳቸው ግን የሙዚቃውን ክብደት ሁሉ በመጀመሪያው ምት ላይ አደረጉት፤ ሙዚቀኞቻቸውንም «አንዱን አትሳቱ» እያሉ ያስጠነቅቁ፤ የተሳሳተውንም በገንዘብ ይቀጡ ነበር። በ1967 ያወጡት «ኮልድ ስዌት» የተባለው ሸክላ የፋንክ መጀመሪያ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው።

እንግዲህ በዚያች በአንደኛዋ ምት ላይ ሁሉም ይገናኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ የሚጫወተው ጥቂት ነው። ጊታሩ ዜማ አያወጣም፤ እንደ ከበሮ ይቈረቍራል። ትሮምፔቱና ትሮምቦኑ ባጭሩ ጮኸው ዝም ይላሉ። ወፍራሙ ባለ አራት አውታር ጊታር ከታች ሆኖ ይመላለሳል። አንዱን ብቻ ነጥሎ ለሚሰማው ሰው ምንም ያህል ነገር አይመስልም። በደቦ እህል ሲታጨድ አንዱን ማጭድ ብቻ የተመለከተ ሰው የእርሻውን ስፋት እንደማያውቀው፤ ይህንንም ሙዚቃ ሁሉንም ባንድነት ያልሰማ አይረዳውም። በዘጠኝ ሰው መካከል አንዱ ብልጫውን ላሳይ ያለ እንደ ሆነ ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል። ለሃምሳ ዓመት ሳይበተኑ የኖሩበትም ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም ብለን እንገምታለን።

ይህ ሙዚቃ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። አቶ ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነታቸው «የኢትዮጵያ ጀምስ ብራውን» ይባሉ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የዋልያስ ጓድ አባል የነበሩት አቶ ኃይሉ መርጊያም፤ ጓዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ከመጣ በኋላ በዋሽንግተን ቀርተው፤ ኦርጋናቸውን በታክሲያቸው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ይዘው ለብዙ ዓመት ሲነዱ፤ መንገደኛ ባጡበት ሰዓት እያወጡ ሲለማመዱ ኖረው፤ በሽምግልናቸው ወደ መድረክ ተመልሰዋል። ያንን ማታ በመድረኩ ላይ ያሉትን ሽማግሌዎች ስናይ እርሳቸውን አስታወስን።

አሁን ወደ ወይዘሮዋ ነገር እንመለስ። እውነቱን ለመናገር፤ ተሳስተው ነበር። ስለ ረኀቡ ከዘፈኑት መካከል የነበሩት ኩል ኤንድ ዘ ጋንግ የተባለው የፋንክ ጓድ ሦስት ሰዎች ናቸው እንጂ፤ እነዚህ የዋሽንግተን ሽማግሌዎች አይደሉም። የኮረም ሕዝብ መከራ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው በኦክቶበር 23 ቀን 1984፤ በእኛ በጥቅምት 13 ቀን 1977 ነው። ይህን ያዩት ሚስተር ቦብ ጌልዶፍ ከሚስተር ሚጅ ዩር ጋራ ሆነው ዘፈን አዘጋጁ፤ ኅዳር 16 ቀንም በሎንዶን በአንድ የሸክላ መቅጃ ቤት ብዙ ዘፋኞችን ሰበሰቡ። ከመጡት የሚበዙት የእንግሊዝና የአየርላንድ ወጣቶች ነበሩ። በእነርሱ መካከል ግን በዚያን ጊዜ በሎንዶን የነበሩት ሦስቱ ጥቁር አሜሪካውያን፤ ሚስተር ሮበርት ቤል፤ ሚስተር ጀምስ ቴይለርና ሚስተር ዴኒስ ቶማስ ቆመው ዘምረዋል። ከሸክላው ሽያጭ የተገኘውም ገንዘብ ለረኀብተኞች ርዳታ ዋለ።

የዚህ ጓድ ታሪክ የራሱ ጣዕም አለው። ሮበርትና ሮናልድ የተባሉት ወንድማማቾች በልጅነታቸው ከበሮ የሚገዙበት ገንዘብ ስላልነበራቸው፤ የተጣለ የቀለም ቆርቆሮ እየሰበሰቡ ይመቱ ነበር። በቆርቆሮው ውስጥ በቀረው ቀለም ልክ ድምፁ ስለሚለያይ፤ ባዶውንና ግማሹን እያፈራረቁ ዜማ አወጡበት። በ1964 በጀርሲ ሲቲ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋራ ተባበሩ፤ በ1980 ያወጡት «ሰለብሬሽን» የተባለውም ዘፈን በዓለም ሁሉ የሰርግና የልደት ማድመቂያ ሆነ። ሚስተር ሮናልድ ቤል በ2020፤ ሚስተር ዴኒስ ቶማስ በ2021፤ ከበሮ መቺው ሚስተር ጆርጅ ብራውን በ2023 ዐረፉ። በ2024 ጓዱ በአሜሪካ በታላቅ የሙዚቃ የክብር መዝገብ ውስጥ ሲገባ፤ ከመሥራቾቹ በሕይወት የተገኙት ሚስተር ሮበርት ቤል ብቻ ነበሩ።

ይህን ሁሉ ለወይዘሮዋ በሹክሹክታ ብንነግራቸው፤ ጥቂት አሰብ አደረጉና «ያው ዘመዶቻቸው አይደሉም እንዴ?» ብለው መለሱልን። መልስ አጣን።

ሙዚቃው ሲጀመር አዳራሹ እንዳለ ተነሣ። እኛ ተቀምጠን ቀረን። በአገራችን ልማድ ማዕርግ ያለው ሰው በአደባባይ ያጨበጭባል እንጂ አይጨፍርም፤ ይህን ከአባቶቻችን ስለ ወረስን እጃችንን በጕልበታችን ላይ አድርገን በጭዋነት ተመለከትን። ነገር ግን እግራችን ሳናዝዘው ወለሉን ይመታ ነበር። የዋሽንግተን ሰዎች በዚህ ሙዚቃ ላይ የጨመሩት አንድ ብልሃት አለ፤ ጎ ጎ ይሉታል። በ2012 የሞቱት ሚስተር ቸክ ብራውን ያስፋፉት ነው። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ከበሮዎቹ አያቆሙም፤ ሁለተኛው እስኪጀመር ድረስ ይቀጥላሉ፤ ስለዚህ የሚጨፍረው ሰው የሚቀመጥበት ጊዜ አያገኝም። የከተማው አስተዳደር በ2020 ይህን ሙዚቃ የከተማዋ ሙዚቃ ነው ብሎ በሕግ አጽድቆታል።

ለአርባ ደቂቃ ያህል ያለ ዕረፍት መቱ። በከዘራ የወጡት ሽማግሌ ከዘራውን በወንበሩ ላይ ሰቅለው ሳክስፎናቸውን ሲነፉ፤ ጀርባቸው ቀና አለ። ወይዘሮዋም የወጥ ቤት ሽርጣቸውን ሳያወልቁ መካከል ገብተው እስክስታ ወረዱ። የእኛ ጭፈራ ምት በሦስት በሦስት የሚከፈል፤ የእነርሱ በአራት የሚሄድ ሆኖ ሳለ፤ ትከሻቸው በሁለቱ መካከል መንገድ አገኘ። ከበሮ መቺው ይህን አይተው እጃቸውን ለወጥ አድርገው ተከተሏቸው፤ ሕዝቡም ክብ ሠርቶ አጨበጨበ። በዚህ ጊዜ ልጃችን እጃችንን ይዛ ጎተተችን። ከዚያ ወዲያ ስለሆነው ነገር መጻፍ ለክብራችን አይስማማም። ድምፁ ግን ከልክ ያለፈ እንደ ነበር ሳንናገር አናልፍም፤ በማግሥቱ እስከ እኩለ ቀን ጆሯችን ይጮኽ ነበር።

በዕረፍቱ ሰዓት ሦስት ንግግሮች ተደረጉ፤ ሁለቱ ቢቀሩ ማንም ባልተጎዳ። የወደድነው ገንዘቡ የተሰበሰበበትን መንገድ ነው። መብራቱን ቀነስ አድርገው፤ ሙዚቃው በዝግታ ሲመታ፤ ሁለት ልጆች ባልዲ ይዘው በየወንበሩ ዞሩ። ማን ምን እንደ ጣለ አልታየም፤ የማንም ስም አልተጠራም። እኛ በየማኅበራችን የሰጪውን ስምና ገንዘብ እየጠራን ስናስጨበጭብ፤ አምስት ብር ያለው ሰው አፍሮ ከበር እንደሚመለስ ብዙ ጊዜ አይተናል።

በዚሁ ዕረፍት ላይ ትሮምቦን የሚነፉት ሽማግሌ ከጠረጴዛችን መጥተው ተቀመጡ። የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ስለ ወጥ ቤቱ መልካም ሥራ እያመሰገንን ስንናገር ጥቂት ሰሙንና፤ «አውቀዋለሁ፤ በሳምንት አምስት ቀን ራቴ የሚመጣልኝ ከዚያው ነው» አሉን። መኪናው በበረዶ በቆመባቸው ቀኖች ምን በሉ ብለን ብንጠይቃቸው፤ ቆርቆሮ ሾርባ እንደ ነበራቸው ነገሩን። ስለ ራሳቸው ራት ሲነፉ ማምሸታቸውን ከአዳራሹ ሰው ስንቱ ያውቅ እንደ ነበር አናውቅም።

የሙዚቀኛ ሽምግልና በዚያ አገርም እንዲህ ነው። በሚስተር ጀምስ ብራውን ጓድ ከበሮ ይመቱ የነበሩት ሚስተር ክላይድ ስተብልፊልድ በ1969 የመቱትን አንድ ምት፤ ከእርሳቸው በኋላ የተነሡ ዘፋኞች ከሸክላው እየቀዱ ቍጥር በሌለው ዘፈን ውስጥ አስገብተውታል። እርሳቸው ግን የዜማው ደራሲ ተብለው ስላልተጻፉ ከዚያ ሁሉ ገንዘብ የሚገባቸውን ሳያገኙ ኖረው በ2017 ሞቱ። ታመው ሳሉ የሐኪሙን ዕዳ በስውር የከፈሉላቸው ዘፋኙ ፕሪንስ ናቸው፤ ነገሩም የተሰማው ፕሪንስ ከሞቱ በኋላ ነው።

ወይዘሮዋ ግን ሐሳባቸውን አልተዉም ነበር። ሙዚቃው ሊያልቅ ሲል የጓዱን አለቃ፤ ባለ ወፍራሙን ጊታር፤ በምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ያዟቸውና እኛን አስተርጓሚ አደረጉን። «በሰባ ሰባት፤ በእነርሱ በ1984፤ ስለ ኢትዮጵያ ረኀብተኞች ተጫውተው ነበር ወይ ብለው ይጠይቁልኝ» አሉ። ሰውዬው ግንባራቸውን እየጠረጉ ብዙ ጊዜ አሰቡ። «አዎን ብላቸው ደስ ባለኝ። በዚያን ዘመን ለብዙ ነገር በነጻ ተጫውተናል፤ ለቤተ ክርስቲያን ጣራ፤ ለታመመ ሕፃን፤ ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው። ለኢትዮጵያ ይሁን አይሁን ግን አላስታውስም፤ ልዋሽ አልፈልግም» አሉ።

ይህን ስንተረጕም ወይዘሮዋ ይከፋቸዋል ብለን ፈርተን ነበር። እርሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁና «ይሁን። እኔም የሰፈረልኝን ሰው ፊት አላስታውስም፤ እጁን ብቻ ነው የማስታውሰው» አሉ። ይህንንም ተረጐምን። ሰውዬው እጃቸውን ተመለከቱ፤ ከዚያም ወደ መድረኩ ተመለሱ።

የመጨረሻው ዘፈን የታወቀው የኩል ኤንድ ዘ ጋንግ «ሰለብሬሽን» ነበር። ገንዘቡ ሲቈጠር ከመኪናው ዋጋ ከአራት ሦስቱን እጅ ያህል መሙላቱ ተነገረ፤ የቀረውን በበጋው ሌላ ማታ አድርገው ሊሰበስቡ ተስማሙ።

ትሮምቦን የሚነፉትን ሽማግሌ በመኪናችን ወደ ቤታቸው አደረስናቸው። የሚኖሩት ሊፍት በሌለው ቤት በሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ልጃችን የመሣሪያውን ሣጥን ተሸከመች፤ እኛ ወይዘሮዋ በፎይል ጠቅልለው የሰጧቸውን ዶሮ ወጥና እንጀራ ያዝን፤ እርሳቸው በየፎቁ እያረፉ በኋላችን ወጡ። ከበራቸው ስንደርስ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙና፤ በጣታቸው በሩን ይመቱ ጀመር። ሦስት ጊዜ መቱ፤ አራተኛውን ትተው ወደ ልጃችን ተመለከቱ። «አንዱ የት ነው?» አሏት። ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና፤ ጥቂት አዳምጣ፤ በእጇ መዳፍ በሩን አንድ ጊዜ መታችው።